ኪራዩ ሲረክስ ጠርጥር!

በቤት ኪራይ የተማረራችሁ ሁሉ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ዌብሳይትም ቤት ይከራያል! ኪራዩ «ሆስቲንግ» ይባላል።

አንድ የሐይቅ ልጅ ሰሞኑን አማክሮኝ ነበር። የሐይቁን ፎቶዎችና ራሱ የቀረጻቸውን በአምባሰል ቅኝት የሚዜሙ ዘፈኖች በዌብሳይት ያቀርባል። ጎብኚ ሲበዛለት ገጹ እየተንቀራፈፈ አስቸገረው። «ትልቅ ሰርቨር ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ የፎቶና የድምፅ ፋይሎችህን መጠን ቀንስ። ከዚያ በወር ስንት ጊጋባይት እንደምትጠቀም እይ። ለጊዜው ከሌሎች ጋር የምትጋራው ርካሽ ሰርቨር ይበቃህ ይሆናል። ብቻ፣ ስታድግ ዕቃ ሳያስጓጉዝ ወደ ሰፊው ክፍል የሚያሸጋግርህን አከራይ ምረጥ።

ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ አያታልልህ፤ ወገብ የሚቆርጠው የዕድሳቱ ነው። በዶላር ከሆነማ ጉድ ነው! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ያሉ በብር የሚያስከፍሉትንም ጠይቅና አወዳድር።

ከሁሉም በላይ የዶሜይን ስሙ በራስህ ስም ይመዝገብ። አንዲት የማውቃት የደሴ ነጋዴ ዌብሳይቱን የሠራላት ልጅ አድራሻውን በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሮ፣ ሲጣሉ ይዞባት ቀረ! የፋይሎችህም ቅጂ በየሳምንቱ እጅህ ይግባ።

ቤቱ የሰው ቢሆንም ቁልፉ ያንተ ይሁን!