ስለ ኮምጣጣነት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት፥ ምንጫቸውና ትርጓሜያቸው

መጻሕፍትን ከእንግሊዝኛው ትርጉም ጋር አስተያይቶ የሚመረምር ሰው ስለ ሆምጣጤ፥ ስለ እርሾና ስለ ጨርቋ ወይን የተነገሩትን ቃላት በብዙ ስፍራ ያገኛቸዋል። የቃላቱን ዘር ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ንባቡን ይዞ ምሥጢሩን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከየት እንደ መጡ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

አሲድ የሚባለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ምንጩም ሮማይስጥ፥ ይኸውም ላቲን የሚባለው ነው። በዚያ ቋንቋ «አኪዱስ» ማለት ኮምጣጣ ማለት ነው። የቃሉ ሥር ግን ከስለት እንጂ ከጣዕም አልተነሣም፤ መርፌን «አኩስ»፥ የሰይፍን አፍ «አኪዬስ» ይሉታልና። ስለ ምን ስለትና ጣዕም በአንድ ሥር ተጠሩ ቢሉ፥ መርፌ ሥጋን እንዲወጋ ኮምጣጣም ምላስን ስለሚወጋ ነው። ሐኪሞችም ድንገት ተነሥቶ የሚበረታውን ሕመም «አክዩት» ማለታቸው ከዚሁ ሥር ነው።

ቪኒጋር ከፈረንሳይ ቋንቋ የተወሰደ ነው። «ቬን» ወይን፥ «ኤግር» ኮምጣጣ ነውና፥ ሁለቱ ሲገጥሙ ኮምጣጣ ወይን ማለት ይሆናል። «ኤግር» ለብቻው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ «ኢገር» ተባለ፤ በቀድሞ ዘመን ኮምጣጣና ስለታም ማለት ነበረ፥ ዛሬ ግን ጣዕሙ ተረስቶ ነገርን እጅግ ለሚሻና ለሚጓጓ ሰው ይነገራል።

በስቅለት ጊዜ ለጌታ የቀረበውን መጠጥ ወንጌላውያን በጽርእ «ኦክሶስ» ብለው ጻፉት፤ ይህም «ኦክሲስ» ስለታም ካለው ቃል የወጣ ነው። የሮም ወታደሮች ሆምጣጤን በውኃ በጥብጠው የመጠጣት ልማድ ነበራቸው፤ ስለዚህ መጠጡ የዘብ ጠባቂዎቹ የዕለት መጠጥ ነበረ የሚሉ አሉ። አንድም በመዝሙር 68 የተነገረው ሊፈጸም ለማሠቃየት ሰጡት ይላሉ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ሉቃስ በምዕራፍ 23፥36 ወታደሮቹ እየዘበቱ እንዳቀረቡለት ይናገራልና፥ የመጠጡ ተራነት የሰጪዎቹን ክፋት አያስቀርም።

እጅግ የሚያስፈልገው ማስተዋል ግን በኤርምያስ 31፥29ና በሕዝቅኤል 18፥2 ነው። በዚያ አባቶች ጨርቋ ወይን በበሉ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል ምሳሌ ይገኛል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ ትርጉም ይህን ሲናገር «ኤጅ» የሚል ቃል አገባበት። «ኤጅ» ማለት የስለት አፍ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም አሲድ ከወጣበት ከዚያው ከጥንቱ ሥር የመጣ መሆኑን አስረድተዋል። እንግዲህ እንግሊዝኛውን ብቻ ያየ ሰው ጥርሱ የተሳለ ይመስለዋል። ዕብራይስጡ ግን «ቃሃ» ይላል፥ ደነዘ ማለት ነው። በመክብብ 10፥10 ስለ ደነዘ ብረት የተነገረውም ይኸው ግሥ ነው። አማርኛው ጠረሰ ሲል ከዕብራይስጡ ጋር ይስማማል፤ የጠረሰ ጥርስ መንከስ ይሳነዋልና። ሕዝቡ በዚህ ምሳሌ፥ አባቶቻችን በደሉ እኛ ደከምን ብለው ያመካኙ ነበር፤ ነቢያቱ ግን እያንዳንዱ በገዛ ኀጢአቱ እንዲጠየቅ አስታወቁ።

«ሳወር» የሚለው የእንግሊዞች የጥንት ቃል ነው፤ ጀርመኖችም «ዛወር» ይሉታል። «ታርት» ደግሞ ዛሬ ለሚቆነጥጥ ጣዕም ቢነገርም፥ አስቀድሞ ስለ ጽኑ ሥቃይና ቅጣት የተነገረ ነበረ።

እርሾን እንግሊዞች «ሌቨን» ይሉታል፤ ማንሣት ከሚል የሮማይስጥ ግሥ የወጣ ነው፥ ሊጡን ያነሣዋልና። ጀርመኖች ግን ኮምጣጣ ሊጥ ይሉታል። በዕብራይስጥ «ሖሜጽ» ሆምጣጤ፥ «ሐሜጽ» የቦካ ነው፤ በግእዝም ብሒእና ብሑእ ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። ስለዚህ በዕብራይስጥና በግእዝ መቡካትና መኮምጠጥ አንድ ዘር መሆናቸው ከስሙ ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን ይህ ተሰውሯል። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 5 የክፋት እርሾ ያለውን የሚያነብ ሰው ይህን ቢያስብ፥ ጥቂቱ ብዙውን እንዴት እንደሚያኮመጥጥ ይገባዋል።

ነገር ግን ስም ሁልጊዜ የነገሩን ጠባይ አያስረዳም። ላቮዋዚዬ የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1770ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፥ ሰው የሚተነፍሰው ኦክስጅን በአሲድ ሁሉ ውስጥ ያለ መስሎት ከጽርእ ቃል አውጥቶ ኮምጣጣን የሚወልድ የሚል ስም ሰጠው። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ከጨው የሚወጣው አሲድ ኦክስጅን የሌለበት መሆኑን አስረዳ። ስሕተቱ ታወቀ፥ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቀረ።

እንግዲህ የቃል ዘር የሚያስረዳው ስሙን ያወጡት ሰዎች ነገሩን እንዴት እንደ ቀመሱትና እንዴት እንዳሰቡት ነው። ነገሩ በእውነት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ነገሩን ራሱን መመርመር ያሻል። ተርጓሚም ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ እንደ ሆነ፥ የደነዘውን የተሳለ ብሎ ከማስተማር ይድናል።