የግራር ብድር፣ የቤንዚን ዕዳ

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። የአሪ ገበሬ ከደጋው ቡናና ቆጮ ይዞ ይወርዳል፤ የበና ሰው ማርና ቅቤ ይዞ ይመጣል። አፉ በሣር ተወትፎ በገመድ የታሰረ የከሰል ጆንያም አይጠፋም። ስለ ካርቦን ልናወራ ከሆነ ከዚህ ጆንያ እንጀምር።

ከሰል አብዛኛው ክብደቱ ካርቦን ነው። ሲነድ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይዞ ይነሣል። የኦክስጅን አቶም ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል ነዶ ሲያልቅ ማንደጃው ላይ ዕፍኝ አመድ ይቀራል፤ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ካርቦንዳይኦክሳይድ ግን አየር ላይ ወጥቷል። ያን አንድ ኪሎ ለማክሰል አፈር በለበሰው ክምር ውስጥ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ሄዷል።

ታዲያ በዚህ ጋዝ ዓለምን የሚያሞቀው ከሰል አክሳዩ ነው? እዚህ ላይ ቆም እንበል። የግራሩ ካርቦን ግራሩ ባደገባቸው ዓመታት ቅጠሉ ከአየር የሳበው ነው። ጉቶው አቆጥቁጦ ዳግም ዛፍ ከሆነ የተለቀቀውን መልሶ ይሰበስባል፤ ብድር በምድር ይሏል ይህ ነው። ቡቃያውን ፍየል ከጨረሰው ወይም መሬቱ ከተመነጠረ ግን ብድሩ ሳይከፈል ይቀራል።

ቤንዚን ሌላ ነው። አንዱ ሊትር ሲነድ 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦንዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ካርቦኑም በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች ተቀብሮ የኖረ ነው። እሱን መልሶ የሚሰበስብ ጉቶ የለውም። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህል የነበረው ካርቦንዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 ያለፈው በዋናነት በድንጋይ ከሰል፣ በነዳጅና በጋዝ ነው።

ዕዳውን ማን ገባ? አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅ የሚለቀው ካርቦንዳይኦክሳይድ በዓመት ከ0.2 ቶን አይበልጥም፤ የዓለም አማካይ 4.7 ቶን አካባቢ ነው። ክፍያው ግን የቆላው ከብት አርቢዎች ሐመርና ዳሰነች ደጅ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ በደቡብ ኦሞም ከብት አለቀ። በ2023 ድርቁን ያጠና ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን የምድር መሞቅ የድርቁን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገለጠ። ዋናው ምክንያት ትነት ነው፦ የሞቀ አየር የአፈሩንና የሣሩን እርጥበት ይመጥጣል። ከብቱ ሲያልቅበት ምሳር አንሥቶ ወደ ግራሩ የሚሄድም አለ። ጆንያው እንዲህም ይሞላል።

ነዳጅን በኤሌክትሪክ መተካት ትልቁ መድኃኒት ነው፤ እሱም ዋጋ አለው። ኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር የሚኖሩት ካሮና ዳሰነች ግን ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ ውኃውን ከያዘ ወዲህ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ካርቦን ብቻ የሚቆጥር ሒሳብ ይህን የማሽላ ማሳ አያየውም።

በቅርብ የሚሠራም አለ። ላቀች የሚባለው ሸክላ የገባበት ማንደጃ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። የአሪ ጓሮ እንሰቱን ከቡናና ከጥላ ዛፍ ጋር አቀላቅሎ አፈሩን ዓመቱን ሙሉ ሸፍኖ ይይዛል። ቆላ ላይ ደግሞ የተቆረጠውን ግራር ጉቶ በእሾህ አጥሮ ከፍየል ማዳን ይቻላል።

አጥሩን የሐመር እጅ ያጥረዋል። ጉቶው የሚጠብቀው ዝናብ ግን ከሐመር እጅ ውጭ ነው፤ የእሱ ነገር ያለው በርሜል በርሜሉን ነዳጅ በሚያነዱት ዘንድ ነው።