የጀልባን አሮጌ ሞተር በባለ አራት ምት ሞተር ስለ መተካት

በቦሌ አካባቢ በሚገኝ የአንድ አስመጪ ግቢ ውስጥ፣ ሞተር ሊገዙ ከጣና ከመጡ ሁለት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተወካዮች ጋር ቆመን ነበር። ሻጩ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር በበርሜል ጠርዝ ላይ አሰረ፤ በርሜሉን ውኃ ሞላ፤ ገመዱንም ሁለት ጊዜ ሳበ። ሞተሩ ተነሣ። ጢስ የለውም፤ ድምፁም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ሰዎቹ ለብዙ ዓመት ከለመዱት ጩኸት ጋር አስተያይተው እጅግ ተደሰቱ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የላኩብን መልእክት ግን «አሮጌው ይሻለን ነበር» የሚል ነው። ሞተሩ መረብና ሰው የጫነውን ጀልባ በሚገባ አይገፋም፤ የጀልባውም ኋላ ወደ ውኃው ይዘቅጣል አሉን።

ሞተሩ ጉድለት አልነበረበትም። በርሜል ውስጥ ያለ ሞተር የሚገፋው ጀልባ ስለሌለ መነሣቱን ብቻ እንጂ ጉልበቱን አያሳይም። እኛም በቦታው ቆመን ሳለ ይህን አለማሳሰባችን ስሕተት ነበርና፣ አሮጌ ሞተራቸውን ለመቀየር ለሚያስቡ ማኅበራት ከመክፈላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው በጣና ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ በሥራ ላይ የዋሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በትብብር በጀመሩት የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ ከነበሩት ትንንሽ የጀልባ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሏቸው ነበሩ። ቀላል ናቸው፤ የሚበላሽ ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ ማንም ጋራዥ ይፈታቸዋል። እስከ ዛሬ መቆየታቸውም የሚያስገርም አይደለም።

ጉድለታቸው ነዳጅ ማባከናቸው ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ጢሱ የሚወጣበትና አዲሱ ቤንዚን የሚገባበት ቀዳዳ ለቅጽበት አብረው ክፍት ስለሚሆኑ፣ ከሚገባው ቤንዚን ከፊሉ ሳይነድ ከጢሱ ጋር ይወጣል። በአሮጌ የካርቡራቶር ሞተር ይህ ብክነት ከመቶ እስከ 30 እጅ ሊደርስ ይችላል። ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም አብሮ ይነዳል፤ ያልነደደው በውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ሆኖ ይንሳፈፋል። ባለ አራት ምቱ ወይም ፎር ስትሮክ ግን ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቮች አሉት። ቤንዚን የሚገባበት፣ የሚታመቅበት፣ የሚነድበትና ጢሱ የሚወጣበት ጊዜ የተለያየ ነው። ዘይቱም እንደ መኪና ሞተር ለብቻው በራሱ ማጠራቀሚያ ይቀመጣል።

ይህ በገንዘብ ምን ያህል ነው ለሚለው፣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በሊትር ማስላት ይሻላል። ለምሳሌ አሮጌው ሞተር በሰዓት 7 ሊትር፣ አዲሱ 5 ሊትር ይጠጣሉ እንበል። ጀልባው በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 800 ሰዓት ይሆናል። አሮጌው 5,600 ሊትር፣ አዲሱ 4,000 ሊትር ቤንዚን ይፈጃሉ። በዘይት በኩል ያለው ልዩነት ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚቀላቅል አስጋሪ በዓመት 112 ሊትር ዘይት ያቃጥላል፤ 1 ሊትር ያህል ዘይት የሚይዝ ባለ አራት ምት ሞተር በየ100 ሰዓቱ ቢቀየርለት 8 ሊትር ይበቃዋል። እያንዳንዱ ማኅበር ይህን ሒሳብ በራሱ ሰዓትና በራሱ ፍጆታ ይሥራ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚወጣ ጀልባ ግን፣ አሮጌው ሞተር ጤነኛ ከሆነና መለዋወጫ የሚገኝለት ከሆነ፣ መቀየሩን አንመክርም።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንመለስ። በሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። አየር ወደ ላይ በተወጣ መጠን ስለሚሳሳ፣ ተጨማሪ አየር ማመቂያ የሌለው ማንኛውም ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላኖች ለመነሣት ረጅም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልጋቸው ከዚሁ የአየር መሳሳት የተነሣ ነው። ጣና ወደ 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ባለ 15 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር እዚያ ሲደርስ ከ12 ብዙም የማይበልጥ ይሆናል። ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጫሞ ሐይቅ ይኸው ሞተር 13 ያህል ይኖረዋል። ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚመጥኑ አዳዲስ ሞተሮች ከከፍታው ጋር ቤንዚናቸውን ያስተካክላሉ፤ የጐደለውን አየር ግን አይፈጥሩም። ካርቡራቶር ያላቸው ደግሞ በመመሪያቸው መሠረት በባለሙያ ካልተስተካከሉ በከፍታ ቦታ ቤንዚን ይበዛባቸውና ካንዴላቸው ይጠቁራል።

አሮጌውም ሞተር በዚያው አየር ይሠራ አልነበረምን? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምስጢሩ ያለው ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ፕሮፔለር በአንድ ዙር ወደፊት ሊገፋ የሚገባው ርቀት በኢንች ተለክቶ ፒች ይባላል፤ ቁጥሩም በፕሮፔለሩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ 9¼ በ10 የሚል ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ፒቹ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ፕሮፔለር ለባሕር ዳርቻ አየርና ለቀላል ጀልባ የተመረጠ ነው። የተወካዮቹ አሮጌ ሞተር ፕሮፔለር ግን በድንጋይና በአሸዋ ዳሩ ተበልቶ ስለነበር፣ ማንም ሳያስበው ለሞተሩ ቀሎለት ኖሯል። አዲሱ ሙሉ ክንፍ ይዞ መጣና ከበደው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ጀልባው እንደ ሥራ ቀን መረቡን፣ ነዳጁንና ሰዉን ጭኖ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር በመቁጠሪያ መሣሪያ ይለካ። የብዙዎቹ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ አራት ምት ሞተሮች መመሪያ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይጠይቃል። ከዚያ በታች ከሆነ ፒቹ ያነሰ ፕሮፔለር ይታሰር፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። ገዢው ሞተሩን ሲዋዋል ባለ ዝቅተኛ ፒች ፕሮፔለር አብሮ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ፣ ለዚያ ብቻ ተመልሶ አዲስ አበባ ድረስ ከመምጣት ይድናል።

ክብደቱም መታሰብ አለበት። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከ36 እስከ 38 ኪሎ ሲመዝን፣ ባለ አራት ምቱ ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ትርፍ ክብደት የሚያርፈው ነጂው በሚቀመጥበት፣ ብዙ ጊዜም የቤንዚኑ ጀሪካን በሚቀመጥበት በጀልባው ኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ፣ የዘቀጠ ጀልባ ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ጀሪካኑና መረቡ ወደፊት ይዛወሩ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃም አስቀድሞ በመዶሻ እጀታ ይመታ፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም የጠመንጃ መፍቻ በቀላሉ ከገባበት እንጨቱ በስብሷልና ሳይለወጥ አዲስ ሞተር አይታሰርበት። ማጥበቂያው ቢላላ ሞተሩ ሐይቅ እንዳይገባ በሰንሰለት ከጀልባው ጋር ይያያዝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ራሱ ለሞተሩ ፈተና ነው። አሮጌውን በአውቶቡስ ጣራ ላይ እንደ ጆንያ መጣል ይቻል ነበር። ባለ አራት ምቱ ግን ዘይት ስላለበት፣ መመሪያው በሚያሳየው ጎን ብቻ ይጋደማል። በሌላ ጎን ከተጫነ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ካርቡራቶሩ ይፈስሳል። እንዲህ ሆኖ የደረሰ ሞተር ቀጥ ብሎ ለብዙ ሰዓት ይቁም፤ ካንዴላው ተፈትቶ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ይሳብ፤ የዘይቱ መጠንም ሳይታይ አይነሣ።

በሁለት ዓይነት ሞተር የሚሠሩ ማኅበራት ደግሞ ከሁሉ በላይ ጀሪካናቸውን ይጠብቁ። በልማድ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን ለባለ አራት ምቱ ቢሰጥ ካንዴላው ይቆሽሻል፤ ጉዳቱ በዚህ ያበቃል። ንጹሕ ቤንዚን ለባለ ሁለት ምቱ ከተሰጠ ግን ፒስተኑ ያለ ዘይት ሄዶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነክሳል፤ ሰዎቹም ከባሕሩ መካከል ይቀራሉ። የድብልቁ ጀሪካን ቀይ ቀለም ይቀባ። ማንበብ የማይችለውም፣ በንጋት ጨለማ የሚነሣውም እንዲለየው በአንገቱ ላይ ገመድ ይታሰርበት።

አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ሙሉ ነዳጅ ሳይሰጠው ይለማመድ። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይቀየር፤ በቀን 4 ሰዓት ለሚሠራ ይህ በ25 የሥራ ቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው። የቫልቩን ክፍተት ባጃጅ የሚጠግን መካኒክ መለኪያና መመሪያ ከያዘ ሊያስተካክለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ስለሚደፍን፣ ነጂው ከሞተሩ ጎን የምትወጣዋን ቀጭን የውኃ ፍንጣቂ ዘወትር ይመልከት። ከቀጠነች ወይም ከቆመች ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ወደ ላይ ተነሥቶም አረሙ ይለቀም።

ስለ ዓሣውም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር ሩቅ ያደርሳል። የጣና ነጭ ዓሣ ግን በክረምቱና በክረምቱ መውጫ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ሲያመራ በየወንዙ አፍ ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ይያዛል። በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት እጅግ መመናመናቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። በሞተሩ የተረፈው ቤንዚን በእነዚህ ወራት ወደ ወንዞቹ አፍ መሄጃ ከሆነ፣ ማኅበሩ የሞተሩን ዕዳ ሳይጨርስ መረቡ ባዶ መውጣት ይጀምራል ብለን እንሰጋለን።

ሁለቱ ተወካዮች ምክራችንን ተቀብለው ጀልባቸውን ጭነው ሲለኩ ሞተሩ 4,500 ዙር ብቻ ይዞር ነበር። ፒቹ በሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ታሰረ፤ ጀሪካኑና መረቡ ወደፊት ተዛወሩ፤ ዙሩም 5,000 ደረሰ። ጀልባው እንደ ቀድሞው ባይፈጥንም ጭነቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሮጌውን ሞተር እንሽጠው ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። ለመጠባበቂያ እንዲይዙት ነገርናቸው፤ ከቀዩ ጀሪካን ጋር በማኅበሩ መጋዘን ተቀምጧል።