መሣሪያውን በምን ስም እንመዝግበው?

ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ለታካሚ የሚያደርስ መሣሪያ አለ፤ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ይባላል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያሉ ነርሶች «የኦክስጅን ማሽን» ይሉታል። ንብረት ክፍሉ በአምራቹ ስም መዝግቦታል፤ የጥገና ባለሙያው ደግሞ አሳጥሮ «ኮንሰንትሬተር» ብሎ ይጽፈዋል። የጥገና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ግን ሦስቱን ስሞች ሦስት ዓይነት መሣሪያ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስንት አለን፣ ስንቱስ ይሠራል፣ ለዘንድሮ ስንት ማጣሪያ ይገዛ ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ትክክለኛውን ቁጥር አያገኝም።

እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የመሣሪያ መዝገብ፣ የጥገና ጥያቄ፣ የሥራ ትዕዛዝና የመለዋወጫ ክምችት በአንድ ቦታ ይይዛል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው የሥራ ትዕዛዙ ላይ ነው። እኔ ግን ሁሉም የሚቆመው በመሣሪያው ምድብ ላይ ነው እላለሁ። ለኮንሰንትሬተር ምድብ አንድ ጊዜ «የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ይታጠብ፤ የኦክስጅኑ ንጽሕና በመለኪያ ይታይ፤ ከ82 ከመቶ በታች ከወረደ ከታካሚ ይነሣ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ የሚመጣው አዲስ መሣሪያም ተመዝግቦ ምድቡ ውስጥ ሲገባ መርሐ ግብሩንና የመለዋወጫ ዝርዝሩን ይዞ ይገባል። ማንም እንደገና አይጽፍለትም።

በብዛት የሚታየው ስሕተት ክፍልን ምድብ ማድረግ ነው፤ «የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች»፣ «የድንገተኛ ክፍል መሣሪያዎች» እያሉ መከፋፈል። የመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ፓምፕ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ውሎ ማታ ጽኑ ሕሙማን ዘንድ ሊያድር ይችላል። ቦታው ይቀያየራል፤ ምንነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ምድቡ መሣሪያው ምን እንደሆነ ብቻ ይናገር፤ ክፍሉ፣ አምራቹ፣ ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ ለየራሳቸው ቦታ ይሰጣቸው።

ምድቡ ምን ያህል ይጥበብ? «የሕክምና መሣሪያ» የሚል ምድብ ቴርሞሜትርንና የእንፋሎት ኦቶክሌቭን አንድ ላይ ያጉራል። ኦቶክሌቭ የበሩ ጎማና የግፊት ማስተንፈሻው በየጊዜው መታየት አለበት፤ ቴርሞሜትር ግፊትም በርም የለውም። ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ምድብ መክፈትም በሌላ በኩል አድካሚ ነው። እኔ የምመርጠው መለኪያ ይህ ነው፦ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ የፍተሻ ዝርዝር ሊታዩ የሚችሉ ከሆነ አንድ ምድብ ይበቃቸዋል። «ሌላ» የሚለውን ምድብ ግን እፈራዋለሁ። እዚያ የተጣለ መሣሪያ መርሐ ግብር ስለሌለው ባለሙያ የሚያየው ከተበላሸ በኋላ ነው።

ስሙን ሆስፒታሉ ከራሱ መፍጠር የለበትም። ለሕክምና መሣሪያዎች ጂኤምዲኤን እና ዩኤምዲኤንኤስ የሚባሉ ዓለም አቀፍ የስም ሥርዓቶች አሉ፤ ሁለቱም ለእያንዳንዱ ዓይነት ባለ 5 አኃዝ ኮድ ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ መሣሪያ ቆጠራና ስለ ጥገና ሶፍትዌር መመሪያዎች አውጥቷል። ሁለት ሆስፒታሎች አንድ የስም ሥርዓት ከተከተሉ ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል።

ከምንነቱ ቀጥሎ አደጋው ይመጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. ፌኒግኮህና ስሚዝ የተባሉ ባለሙያዎች ለመሣሪያ ነጥብ የሚሰጡበት ዘዴ አቀረቡ፤ ለአገልግሎቱ እስከ 10፣ ብልሽቱ ለሚያስከትለው ጉዳት እስከ 5፣ ለጥገና ፍላጎቱ እስከ 5። ድምሩ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ መሣሪያ ወደ ቅድመ መከላከል ጥገና ይገባል። ሰው ሠራሽ መተንፈሻ የጥገና ነጥቡ ሳይደመር ገና 15 ይደርሳል። ባለሙያው ጥቂት፣ መሣሪያው ብዙ በሆነበት ሆስፒታል ይህ ቅደም ተከተል ሕይወት ያተርፋል።

ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይሆን በእግር ነው። ክፍል ለክፍል እየዞሩ መሣሪያውን አዙሮ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። የነርሶቹም ስም አይጣል። «የኦክስጅን ማሽን» የሚለው መጠሪያ ከኮዱ ጎን እንደ መፈለጊያ ቃል ይመዝገብ፤ ሌሊት ስልክ ሲደወል ተረኛው ባለሙያ የሚሰማው ያንን ስም ነውና።