ገመዱን ማን ያዘልህ?

ሐጅ ዩሱፍ በካርቱም ከተማ ከጥቁር ዓባይ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። ምድሩ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ሜዳ ስለ ሆነ፥ በዚያ ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ ተራራና ገደል ምን እንደሚመስሉ የሚያውቀው ወላጆቹ ሲያወሩ ሰምቶ ወይም በሥዕል አይቶ ብቻ ነው። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ በዚሁ ሰፈር ትኖር በነበረች አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ ከጓሮ የልጅ ጩኸት ተሰማ። የወይዘሮዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የአንሶላ አራት ማዕዘን በእጁ ጨብጦ ከጠፍጣፋው የቤት ጣራ ላይ ዘሎ ኖሯል። እግዚአብሔር አትርፎት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ከማለት በቀር ሌላ ጉዳት አላገኘውም። ምክንያቱን ቢጠየቅ፥ በጎረቤት የእጅ ስልክ ያየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አወራ። ሰዎች ከተራራ ጫፍ ይወረወራሉ፤ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከዚያም በጀርባቸው ያለው ጨርቅ ተከፍቶ እንደ ላባ ቀስ ብለው ያርፋሉ።

እናትየዋ በድንጋጤ፥ «ነፍሳቸውን የጠሉ ሰዎች አይተህ አንተም ነፍስህን ጠላህ?» ብላ እጇን ስታነሣ፥ አብረውን የነበሩ አንድ የትግራይ ተወላጅ ሽማግሌ ያዟት። «ተይው ልጄ፥ እኔም በልጅነቴ ገደል ወጥቻለሁ» አሉና ወደ ልጁ ዞር ብለው፥ «ለመሆኑ ገመዱን ማን ያዘልህ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ጥያቄው አልገባውም። እኛም ቢሆን በመጀመሪያ አልገባንም ነበር።

ሽማግሌው ያወሩት ስለ ደብረ ዳሞ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ገዳም ዙሪያውን በገደል በታጠረ አምባ ላይ ይገኛል። ወደ ላይ ለመውጣት 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ቀጥ ያለ ዐለት በጠፍር ተንጠልጥሎ መውጣት ግድ ነው፤ ይህም ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ነው። ወጪው ከላይ የተንጠለጠለውን ከቆዳ የተገመደ ጠፍር በእጁ ጨብጦ በእግሩ ዐለቱን እየረገጠ ሲወጣ፥ በወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላ ጠፍር አንድ መነኩሴ ከላይ ሆኖ ይስባል። «ጠፍሩ ማርጀቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ‹ዛሬ አይሆንም› ካለኝ እመለሳለሁ። ድፍረቱ የእኔ ነው፤ ነፍሴ ግን በእሱ እጅ ናት» አሉን።

ይህ የሽማግሌው ጥያቄ ከተራራ ለሚዘሉትም ሰዎች የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው ነገሩን በጥቂቱ ለመመርመር ተነሣን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1912 ፍራንዝ ራይሼልት የተባለ የፓሪስ ልብስ ሰፊ፥ በገዛ እጁ የሰፋውን ጃንጥላ መሰል ልብስ ለብሶ ከኤፌል ግንብ የመጀመሪያ ደርብ ላይ፥ ከ57 ሜትር ከፍታ ዘለለ። ለባለሥልጣኖች አስታውቆ የነበረው አሻንጉሊት እንደሚጥል ነበር። ወዳጆቹ ራሱ እንዳይዘል ቢለምኑትም አልሰማቸውም። ልብሱ ሳይከፈትለት ቀርቶ ሕይወቱ አለፈ። የዚህ ሰውና የሐጅ ዩሱፉ ልጅ ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ጨርቅ እንጂ ገመድ ያዥ አልነበራቸውም። ከሦስት ሜትር ጣራ የሚወድቅ ልጅ መሬት የሚደርሰው አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ስለ ሆነ፥ አንሶላው ነፋስ የሚይዝበት ጊዜ ጨርሶ አያገኝም።

የዛሬዎቹ ዘላዮች ማኅበርተኝነት የጀመረው ካርል ቤኒሽ በተባለ አሜሪካዊ ፊልም አንሺ ነው ለማለት ይቻላል። ቤኒሽ በ1978 በካሊፎርኒያ፥ ኤል ካፒታን ከተባለው ታላቅ ዐለት ወዳጆቹ በፓራሹት፥ ማለት በአየር ጃንጥላ፥ ሲዘሉ ፊልም አነሣ። «ቤዝ» የሚለው የዚህ ስፖርት ስም ሕንፃ፥ የአንቴና ምሰሶ፥ ድልድይና ምድር ለሚሉት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ከአራቱም የዘለለ ሰው ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ነገር ግን መሥራችነት ከሞት አያድንም። በ1984 ቤኒሽ ከባለቤቱ ጋር ትሮልቬገን ከተባለው የኖርዌይ ተራራ በደኅና ከዘለለ በኋላ፥ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ተራራ ሌላ ቦታ መርጦ ሲዘል ሞተ። የኖርዌይ መንግሥትም በ1986 ከዚያ ተራራ መዝለልን በሕግ ከለከለ።

የዘዴው ነገር እንዲህ ነው። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ሁለት ጃንጥላዎች ይይዛል፤ አንዱ እምቢ ቢለው ሁለተኛውን የሚከፍትበት ከፍታና ጊዜ አለው። ከገደል የሚዘል ግን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፥ ለሁለተኛው ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ ጃንጥላውን ሲያጥፍ እያንዳንዱን እጥፋትና እያንዳንዱን ክር ይመረምራል። በዘለለም ጊዜ ትንሿን ጃንጥላ በእጁ ወደ ነፋስ ይወረውራል፤ እርስዋም ትልቁን ስባ ታወጣለች። ትልቁ ፊቱን ወደ ዐለቱ አዙሮ የተከፈተ እንደሆነ ግን ዘላዩ ከገደሉ ጋር ይላተማል። ከዚህ የተነሣ አካሉን አስተካክሎ ከገደሉ መራቅንና ጃንጥላውን በፍጥነት ማዞርን አስቀድሞ መማር አለበት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ጀማሪ ከአውሮፕላን ብዙ ጊዜ ሳይዘል ወደ ገደል እንዳይሄድ ነባሮቹ ይመክራሉ። ቀጥሎም ብዙዎች የሚለማመዱት በድልድይ ላይ ነው። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት የሚገኘውና ከወንዙ በላይ 148 ሜትር ከፍታ ያለው የፔሪን ድልድይ የታወቀ መለማመጃ ነው፤ ከድልድይ ሥር የሚላተሙበት ግድግዳ የለምና።

በኖርዌይ ደግሞ ኬራግ የተባለ፥ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከባሕር ሰርጥ ላይ የቆመ ተራራ አለ። በዚያ የስታቫንገር ከተማ ዘላዮች ማኅበር እንግዶችን ያስተምራል፤ የመዝለያውን ቦታ ያሳያል፤ ያረፉትንም በጀልባ ይወስዳል። ሐኪሞች ከ1995 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በኬራግ የተደረጉትን ዝላዮች መርምረው፥ ከ20,850 ዝላዮች መካከል 9 ሰዎች መሞታቸውን ጽፈዋል። ይህም በ2,300 ዝላይ ገደማ አንድ ሞት ማለት ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚዘል ሰው ቢኖር ይህን ቁጥር ለመሙላት ስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይበቃዋል። ማኅበርና ጀልባ ባለበት እንዲህ ከሆነ፥ በሌለበት ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በስዊስ አገር በላውተርብሩነን ሸለቆ የሚዘሉት ደግሞ አስቀድመው ለሄሊኮፕተር ጣቢያ ስልክ ይደውላሉ። ሣሩ የላሞች መኖ ስለ ሆነ፥ ገበሬ ያላጨደውን ሣር እንዳይረግጡም ይመከራሉ። ባልንጀርነታቸው ጎረቤትን ጭምር የሚያቅፍ መሆን አለበት ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚከበረው ሥርዓት ነፋሱ አልመች ሲል በመጡበት መንገድ በእግር መመለስ ነው። ብዙ ሰዓት ወጥቶ ከጫፍ የደረሰ ሰው «ዛሬ አይሆንም» ሲል የማያፍረው፥ አጠገቡ ያሉት የማይስቁበት እንደሆነ ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ሥዕል ማየታቸው አይቀርም። ከልክለን ብቻ ወይም ገርፈን ብቻ የምንመልሳቸው አይደሉም። ሥዕሉ የሚያሳየው የሚዘለውን ሰው ነው፤ የዓመታቱን ትምህርት፥ የታጠፈውን ክር፥ የሚጠብቀውን ጀልባ፥ የተመለሱትንና የሞቱትን አያሳይም። አብረን ተቀምጠን የቀረውን ልንነግራቸው ይገባል።

በዚያ ቀን በረካው ተቀድቶ ሳለ፥ እግሩ በጨርቅ የታሰረው ልጅ ወደ ሽማግሌው ተጠግቶ፥ «አባባ፥ እኔ ደብረ ዳሞ ስሄድ ገመዱን ማን ይይዝልኛል?» አላቸው።

«የሚይዝልህ አይጠፋም» አሉት። «አንተ ግን አስቀድመህ ለሌላው መያዝን ተማር።»

እናትየዋም አንሶላዋን አንሥታ አቧራውን አራገፈች።