የተራራ ብስክሌት ዋጋ የናረው በዶላር ብቻ አይደለም

ብስክሌት ለምን ተወደደ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ዶላር ነው። እውነት አለው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመተማ አካባቢ በገንዳ ውሃ ከተማ ላለ ብስክሌተኛ የከፋው ወጪ ግን፣ በእኔ ሙያዊ ግምገማ፣ ከዕቃው ንድፍ የሚመጣው ነው። የኋላ ጎማ ማሰሪያ ስፋት ከ135 ሚሊሜትር ወደ 142፣ ከዚያም ወደ 148 ሲሸጋገር ደህናው አሮጌ ጎማ በአዲሱ ፍሬም ላይ አልገጥም አለ። ስራም የተባለው የአሜሪካ አምራች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ካምቢዮ ደግሞ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፣ በባትሪ ይሠራል፣ የራሱን ካቴናና የኋላ ጥርሶች ይፈልጋል። አንዱ ሲያልቅ በገበያ የተገኘውን ተመሳሳይ መግጠም ቀረ ማለት ነው።

አዲሱ ይጠነክራል የሚሉ ተሳስተዋል አልልም። የፊቱን ካምቢዮ ማስቀረቱ ብቻውን ትልቅ ማሻሻያ ነው፤ የሚበላሽ ነገር ቀንሷል። ሆኖም በክረምት የመተማ ዋልካ ጭቃ፣ በበጋ አቧራው ማንኛውንም ኩሽኔታ ይበላል። የሚፈታውን የድሮውን ዓይነት ኩሽኔታ ማንም ጠጋኝ በሁለት ቁልፍ ከፍቶ፣ አጥቦና ግራሶ ቀብቶ ይመልሰዋል። ፍሬም ውስጥ ተጨምቆ የሚገባው ግን ልዩ መጭመቂያና ልኩን የጠበቀ ምትክ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ከሩቅ ይመጣሉ። የዕቃው ጥንካሬ ይህን የመንገድና የጥበቃ ወጪ አያካክስም።

ስለዚህ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ካቴናው፣ ኩሽኔታውና የፍሬኑ ሸራ ጎንደር ገበያ ላይ መገኘታቸውን ጠይቁ። አስመጪዎችም ብስክሌቱን ከነመለዋወጫው አምጡልን።