የቤተሰብ ማዕድ በኮቪድ-19 ወቅት

በቤት የተዘጋጀ ትኩስ ወጥና በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ በጭንቀት ጊዜ ቤተሰብን ያጽናናል። ኮቪድ-19 በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ እንጂ በምግብ አማካይነት አይደለም፤ የምድጃው ሙቀትም ቫይረሱን ያጠፋዋል። ስጋቱ የሚመነጨው በአንድ ገበታ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀራርቦ ከመቀመጥና ከመጎራረስ ነው።

ስለሆነም ሊጥ ከማቡካት፣ ዳቦ ከመቁረስና ከመመገብ በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ይገባል። ዳቦውን አንድ ሰው ብቻ ቆርሶ ያድል። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ምግብ ከማዘጋጀት ይቆጠብ፤ ድርሻውም በተለየ ሳህን፣ በተለየ ክፍል ይቅረብለት። ለአረጋዊ ጎረቤት የሚወሰደውን ምግብ ደጃፍ ላይ አኑሮ በ2 ሜትር ርቀት መጠያየቅ ይቻላል። ጉርሻው ለጊዜው ቢቀር ፍቅሩ አይጓደልም።